መንፈሳዊ አርነትና የሠራተኛይቱ ሰንበት

ክርስቶስ አርነት አውጥቶናል የሚለው ቃል በአፋችን ላይ እንዲህ የቀለለው ለምንድር ነው? በዐውደ ምሕረት ይሰበካል፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ይዘመራል፤ በልቅሶ ቤት ለመጽናኛ ይጠቀሳል፤ የሰማውም ሁሉ እውነት ነው እያለ ራሱን ነቅንቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ ግን በቤቱ ውስጥ አንዳች የተለወጠ ነገር አይገኝም። ይህ የሚሆነው ቃሉ ሐሰት ሆኖ አይደለም፤ ትርጓሜውን ማንንም እንዳያስቸግር አድርገን ስላለዘብነው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ከማያምኑ ሰዎች ጋር አይደለም። እንደ እኔ ከሚያምኑ፣ እንደ እኔ ከሚጾሙና ከሚያስቀድሱ፣ ነገር ግን መንፈሳዊ አርነት የልብ ነገር ብቻ ነው፣ በሥጋ ኑሮና በቤት አስተዳደር አይገባም ከሚሉ ወንድሞችና እኅቶች ጋር ነው።

አስቀድሞ ስለ ሌላው ስሕተት ጥቂት ቃል ልናገር። አርነት ወጥተናልና ጾሙም ስግደቱም የንስሐ አባቱም አያስፈልገንም የሚሉ አሉ። ለእነዚህ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት መልሱን ሰጥቷቸዋል፤ አርነት ለሥጋ ፈቃድ መንገድ መክፈቻ ሳይሆን አንዱ ለሌላው በፍቅር የሚያገለግልበት ኀይል መሆኑን አስተምሯል። ሆዱ ያዘዘውን ሁሉ የሚፈጽም ሰው ጌታ ለወጠ እንጂ አርነት አልወጣም። ስለዚህ ስሕተት ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተሰብኳል፤ እኔ እተወዋለሁ። ያልተነካው ሁለተኛው ስሕተት ነው። እርሱ ጨዋ ነው፤ ነጠላውን መስቀልኛ አጣፍቶ በቤተ ክርስቲያን ስለሚቆም ስሕተት መሆኑ አይታወቅም።

ይህ ሁለተኛው ስሕተት እንዲህ ይላል። የሰው እውነተኛ ባርነቱ የኀጢአት ባርነት ነው፤ እውነተኛ አርነቱም ከኀጢአት መፈታት ነው፤ እንግዲህ ነፍሱ የተፈታች ሰው በሥጋው ቢታሰር፣ ቢደክም፣ ዕረፍትም ቢያጣ አርነቱን የሚወስድበት የለም። የዚህ አነጋገር ፊተኛው እኩሌታ እውነት ስለ ሆነ ሁለተኛው እኩሌታ ሳይመረመር ያልፋል። በወኅኒ ያለ ሰማዕት ካሰረው ሰው ይልቅ ነጻ መሆኑን የቅዱሳን ገድል ሁሉ ይመሰክራል። ነገር ግን ይህን ቃል ለመናገር የሚገባው ማን ነው? ሰማዕቱ ስለ ራሱ ቢናገረው ሃይማኖት ነው። አሳሪው ስለ ሰማዕቱ ቢናገረው ግን ስሙ ምን ይባላል? የእስረኛውን መጽናኛ ነጥቆ ለራሱ ሕሊና ማስተኛ ያደረገ ሰው፣ ከእህሉም በላይ ጸሎቱን ዘረፈው ማለት ነው።

አርነት የሚለው ቃል ራሱ ከየት እንደ መጣ እናስታውስ። በቀድሞው ዘመን በአገራችን አርነት ወጣ የሚባለው በሐሳብ ብቻ ስላለ ነገር አልነበረም፤ ባሪያ በምስክር ፊት ከጌታው እጅ ሲለቀቅ የሚነገር የቤት ቃል ነበረ። በዮሐንስ ወንጌል በምዕራፍ 8 ጌታችን ስለ ባሪያና ስለ ልጅ በተናገረበት ስፍራ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህንኑ ቃል ይዟል። እንግዲህ ወንጌል ትልቁን ምሥጢር ሊያስረዳን ሲወድ ምሳሌውን ያመጣው ከባሪያ ቤት ነው። ምሳሌውን ወድደን ባሪያውን ልንረሳው አይቻለንም።

የሚከራከሩኝ ሰዎች ሁል ጊዜ የሚጠቅሱት ሐዋርያው ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ እያንዳንዱ በተጠራበት ሁኔታ ይኑር ያለውን ነው። ይጥቀሱት፤ መልካም ነው። ነገር ግን ያ ምክር የተጻፈው ለማን ነው? ለባሪያው ነው፤ ባርነቱ ከክርስቶስ የሚለየው እየመሰለው እንዳያዝን ነው። ለጌታው የተጻፈው መልእክት ሌላ ነው፤ እርሱም ወደ ፊልሞና የተላከው ነው። አናሲሞስ ከጌታው ከፊልሞና ቤት የኰበለለ ባሪያ ነበረ፤ ከጳውሎስም ጋር በእስር ቤት ተገናኝቶ አመነ። ሐዋርያው መልሶ ሲልከው ለጌታው ምን አለው? ልቡ ነጻ ወጥቷልና እንደ ቀድሞው እዘዘው አላለውም። ከእንግዲህ ወዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነው፤ ያውም ወንድምነቱ በጌታ ዘንድ ብቻ ሳይሆን በሥጋም ጭምር መሆኑን ገልጦ ጻፈ። ይህን በሥጋም የሚለውን ቃል አንባቢ ሆይ፣ ልብ አድርገው። የመንፈሱ ወንድምነት ብቻውን ይበቃ እንደ ሆነ ያ ቃል ምን ሊሠራ ገባ? በባርያው የደረሰ ዕዳ ቢኖርም በእኔ ላይ ቍጠረው ብሎ ሐዋርያው ዋስ ሆነ። መንፈሳዊ አርነት በአንድ ክርስቲያን ቤት ደጃፍ በደረሰ ጊዜ የሒሳብ መዝገብ እስከ መክፈት ደረሰ ማለት ነው።

አባቶችም በዚህ ነገር የተናገሩት አንድ ዐይነት አይደለም፤ ይህን መሰወር አይገባም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ያን የቆሮንቶስ ምክር ሲተረጕም ባሪያው አርነት ማግኘት ቢችል እንኳ በአገልግሎቱ ይጽና ብሎ ተረጐመው። ነገር ግን ይኸው አፈ ወርቅ፣ በዚያው መልእክት ላይ ሲሰብክ ፊቱን ወደ ባለጸጎች መልሶ፣ ብዙ ባሪያ ማስከተል ምንም አያስፈልጋችሁም፤ ከገዛችኋቸውም ራሳቸውን የሚያኖሩበትን ጥበብ አስተምራችሁ ልቀቋቸው የሚል ምክር ሰጠ። ለባሪያው ትዕግሥት፣ ለጌታው መልቀቅ፤ ሁለቱም ከአንድ አፍ ወጡ። እኛ ግን ለባሪያው የተባለውን በደጃችን ጻፍነው፤ ለጌታው የተባለውን አላነበብነውም። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስማ ከዚህም አልፎ ሄደ። መጽሐፈ መክብብን ሲተረጕም ሰባኪው ወንዶችና ሴቶች ባሪያዎችን ገዛሁ ካለበት ስፍራ ሲደርስ፣ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውን ሰው በስንት ብር ገመታችሁት ብሎ የሚገዛውን ሁሉ በቍጣ ጠየቀ። ይህ የሆነው በአራተኛው መቶ ዓመት ነው። ስለዚህ ያን ጊዜ ዘመኑ አልፈቀደላቸውም፣ አላወቁም ነበር የሚለው ማመካኛ ፈጽሞ አይሠራም፤ ያወቁ ነበሩ፤ ተናግረውማል።

አሁን ይህ ለስላሳ ትርጓሜ በዓለም ላይ ምን እንዳደረገ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። እንግሊዞች በአሜሪካ ባቀኑት በቨርጂኒያ አገር የባሪያ ጌቶች አንድ ጥርጥር ያስጨንቃቸው ነበር፤ የተጠመቀ ባሪያ በጥምቀቱ ምክንያት አርነት ይወጣ ይሆን እያሉ ይፈሩ ነበር። ፍርሀታቸው ራሱ የሚመሰክረው ነገር አለ፤ ክርስትናን ባልተቀባባ ልብ የሰማ ሰው ሁሉ ጥምቀት እጅንም እንደሚፈታ ይጠረጥራል። እንግዲህ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1667 ዓ.ም. የዚያ አገር ሸንጎ ጥምቀት የሰውን ባርነት ወይም ነጻነት አይለውጥም የሚል ሕግ አወጣ። ምክንያቱንም ሲገልጥ ጌቶች ከዚህ ጥርጥር ድነው ባሪያዎቻቸውን ወደ ክርስትና ለማግባት እንዲተጉ ነው አለ። እነሆ፣ ነፍስ ብቻዋን አርነት የምትወጣበት፣ ጌታውን አንዲት ሳንቲም የማያስከፍል ክርስትና በሸንጎ ተመክሮበት በሕግ ተጻፈ።

በ1807 ዓ.ም. ደግሞ፣ አሁንም በእነርሱ አቈጣጠር፣ በለንደን ከተማ በካሪብ ደሴቶች ላሉ ባሪያዎች ተመርጦ የተቈራረጠ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። እስራኤል ከግብፅ የወጡበት ታሪክ ከውስጡ ወጥቶ ነበር፤ ጳውሎስ በክርስቶስ ዘንድ ባሪያና ጨዋ የሚል ልዩነት እንደሌለ ያስተማረበትም ክፍል አልተገኘበትም። የሚከራከሩኝን ወንድሞች እዚህ ላይ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የመጽሐፉ አርነት የልብ ብቻ ከሆነ፣ መጽሐፉን መቀስ ማስገባት ለምን አስፈለገ? ባሪያ አሳዳሪው የቃሉን ትርጓሜ ከእነርሱ ይልቅ አጥብቆ ያወቀ ይመስለኛል።

ይህን ስንሰማ የነጮች ነገር ነው ብለን እንዳንጸና ወደ አገራችን እንመለስ። የወንጌልን ብርሃን የገለጠልን አባታችን አባ ሰላማ ወደ አክሱም የመጣው በጵጵስና አይደለም፤ ምርኮኛ ልጅ ሆኖ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊው ሩፊኖስ እንደሚተርከው፣ የተሳፈሩባት መርከብ ወደብ በያዘች ጊዜ አብረው የነበሩት ሰዎች ተገደሉ፤ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ልጆች ስለ ነበሩ ተርፈው ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ የመዝገቡ ጠባቂ ሆኑ። ንጉሡ ሊሞት ሲል ወደ ወደዱበት እንዲሄዱ አርነት ሰጣቸው። ፍሬምናጦስም በንግሥቲቱ ልመና ጥቂት ዘመን ቈይቶ፣ በኋላ ወደ እስክንድርያ ወርዶ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ተሾመ። ገና ወንጌልን ያልሰማው ያ ንጉሥ፣ ነፍስህ ነጻ ናትና ጽዋዬን ቅዳ መዝገቤንም ጠብቅ ብሎ ቢያስቀረው ኖሮ የእኛ ጵጵስና ከየት ይመጣ ነበር? በኋለኛውም ዘመን የዚያን የፊልሞናን ባሪያ ስም የተሸከመ የአገራችን ሰው ነበረ። አናሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሸጦ ነበረ፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ አርነት ወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተጠመቀ፤ ኋላም መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጕሞ በ1899 ዓ.ም. አሳተመ። ሚሲዮኑ ከእኛ ሥርዓት የተለየ ነው፤ ይህ ግን የሰውዬውን ሥራ አያሳንሰውም።

ፍትሐ ነገሥታችን፣ በግብፃዊው ክርስቲያን በኢብን አል ዐሳል በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ ተሰብስቦ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው መጽሐፍ፣ ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ይናገራል፤ ባሪያን አርነት ማውጣትንም ከምግባረ ሠናይ ይቈጥረዋል። በዚያው ስፍራ ደግሞ ጦርነትና ሕግ ሰውን ባሪያ ማድረጋቸውን ይቀበላል። አያቶቻችን ከሁለቱ የሚመቻቸውን መረጡ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. በመስከረም ወር ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ገባች፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ባሪያዎች ቀስ በቀስ አርነት የሚወጡበትን ዐዋጅ አስነገሩ። ፈጽሞ የሚከለክለው ዐዋጅ ግን የወጣው በ1934 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ነው። በመካከሉ ጠላት ይህንኑ ነውራችንን ለወረራው ማመካኛ አድርጎ በዓለም ፊት አወራብን። ወንጌል ከገባ ከ1500 ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አልፎ ነበረ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ስለ መንፈሳዊ አርነት ያልተሰበከበት እሑድ ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ባርነት ቀርቷል፤ ለምን ታነሣዋለህ የሚለኝ ይኖራል። የማነሣው ትርጓሜው ስላልቀረ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባም በሌላውም ከተማ በብዙ ክርስቲያን ቤት ከገጠር የመጣች ልጅ አለች። ቀድሞ ገረድ ይሏት ነበር፤ አሁን ሠራተኛ እንላታለን፤ ስሙ በመለወጡ ደስ ይለኛል። ከሁሉ በፊት ተነሥታ፣ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። ዓርብ ቀን እትዬ ለቅዳሴ የሚለብሱትን ነጠላ ታጥባለች፤ ቅዳሜ ለሰንበቴው ዳቦ ትጋግራለች፤ እሑድ ጧት እትዬና ጋሼ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እርሷ ሽንኵርት ትከትፋለች። የሰንበት ክብር የሚበላበትን ድግስ የሠራች እርሷ ናት፤ ሰንበትን ግን አላየችውም። ስለዚህ ነገር ቢጠየቁ፣ ምን ትሆናለች፣ እግዚአብሔር ልብን ያያል፣ በሥራዋ ላይ ሆና ትጸልይ የሚሉ ሰዎች አሉ። ያ የቨርጂኒያ ሸንጎ ይህን መልስ ቢሰማ በደስታ ያጸድቀው ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሰንበት የደከመችውን ያህል የደከመች ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ናት። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ይከበሩ ብለው ተሰደዱ፣ ተወገዙም፤ ነገሩም ከመቶ ዓመት ክርክር በኋላ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1450 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ባደረጉት ጉባኤ ጸና። ለሁለት ሰንበት የተሰደዱ አባቶች ልጆች ሆነን፣ በወጥ ቤታችን ላለችው ልጅ አንዲቱን እንኳ ነሣናት! በአራተኛው መቶ ዓመት በሶርያ የተሰበሰበውና በሐዋርያት ስም የሚጠራው የሥርዓት መጽሐፍ፣ ባሪያዎች አምስት ቀን እንዲሠሩ፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው እንዲማሩ እንዲያርፉ ያዝዛል። የተነገረው ለባሪያ ነው። ደመወዝ እንከፍላታለን፣ ባሪያ አይደለችም የምትሉ ሆይ፣ እውነት ነው፤ ባሪያ ካልሆነች ከባሪያ ያነሰ ዕረፍት የምታገኘው በምን ሕግ ነው?

ስለ ሰንበት የተሰጠው ትእዛዝ በኦሪት በሁለት ስፍራ ተጽፏል። በዘጸአት ምክንያቱ የዓለም መፈጠር ነው። በዘዳግም ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ እስራኤል በግብፅ ባሪያ እንደ ነበረና እግዚአብሔር እንዳወጣው ማሰብ አለበት፤ ስለዚህም ባሪያውና ገረዱ እንደ እርሱ ያርፉ ዘንድ ታዘዘ። በሬውና አህያው፣ በደጁ ያለውም መጻተኛ ከዚህ ዕረፍት አልተለዩም። ስለዚህ የምታገለግለን ልጅ እስላም ብትሆን ወይም በሌላ ማኅበር የምታመልክ ብትሆን ዕረፍቷን የሚያስቀርባት ነገር አይደለም። መጽሐፉ የሚያሳየን መንገድ ይህ ነው። አርነት የወጣ ሰው አርነቱን የሚያስበው በዝማሬ ብቻ አይደለም፤ ከበታቹ ያለውን ሰው በማሳረፍ ነው። እስራኤል ከፈርዖን እጅ ወጥቶ በቤቱ ውስጥ ራሱ ፈርዖን ቢሆን፣ ባሕሩን መሻገሩ ምን ጠቀመው?

ይህ ነገር ለሕሊና የተተወ መሆኑ ደግሞ ኀላፊነታችንን ያከብደዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ለፋብሪካው ሠራተኛ በየሳምንቱ ከ24 ሰዓት የማያንስ ዕረፍት ሲሰጥ፣ በሰው ቤት የሚደረገውን የግል አገልግሎት ግን ሌላ ደንብ ይውጣለት ብሎ ከድንጋጌው ውጭ አድርጎታል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. የቤት ሠራተኞችን በሚመለከተው በ189ኛው ስምምነቱ ይህኑ የ24 ሰዓት ዕረፍት ለእነርሱም ጽፎላቸዋል። ሕጉ እስኪደርስ የምንጠብቅ ከሆነ ግን፣ መንፈሳዊ አርነት ስንል የነበረው ምን ነበረ? ዳኛ ሳያስገድደው መልካም የሚያደርግ ሰው ነጻ ሰው ይባል የለምን?

በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ በወደቀ ጊዜ፣ በቤይሩት ከተማ አሠሪዎች የኢትዮጵያ ሴቶችን አምጥተው በቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ የተጣሉም ነበሩ። ያን ጊዜ ያላዘነ ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ ማዘናችንም የተገባ ነበረ። ነገር ግን ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ባሕር ከመሻገራቸው በፊት በሰው ቤት ማገልገልን የተማሩት በእኛው ቤት ነው። ዕረፍት የሌለው ሥራ ምን እንደ ሆነ እኛ አስለምደን ላክናቸው።

እሑድ እንግዳ ይመጣል፣ ማን ያብስላል የሚል መልስ አውቃለሁ። የዚህ ክርክር ሥሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የተቀረው ሁሉ ቅርንጫፍ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ያለ ሌላ ሰው እጅ ቡናውን ማፍላት፣ ሳሕኑን ማጠብ፣ እንግዳውን ማስተናገድ የማይችል ሰው የታሰረ ሰው ነው። ሰንሰለቱ ለስላሳ ስለ ሆነ አያቈስለውም፤ ስለማያቈስለውም አያየውም። ልጅቱ ብትሄድበት ቤቱ የሚፈርስ የሚመስለው ጌታ፣ ከልጅቱ ይልቅ አርነት መውጣት የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ሐዋርያው ስለ አናሲሞስ የጻፈው መልእክትም አናሲሞስን ብቻ አልፈታም፤ ፊልሞናንም ባሪያ ከሚጠብቅበት ጭንቀት ለመፍታት የተጻፈ ነው።

እንደ ልጃችን ናት የሚሉም አሉ። ልጃችሁ ከሆነች እሑድ ጧት ከልጆቻችሁ ጋር ነጠላ ለብሳ ትውጣ፤ ማታም በአንድ ማዕድ ትቀመጥ። ይህን የሚያደርጉ ቤቶች አሉ፤ አውቃለሁ፤ የምጽፈው ስለ እነርሱ አይደለም። የንስሐ አባቶቻችንንም በትሕትና አንድ ነገር እለምናለሁ። ጾምህን ጾመሃል ወይ፣ ጸሎትህን አድርሰሃል ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ አንተ ስታስቀድስ ሠራተኛህ የት ነበረች ብለው ይጨምሩበት። ይህ ጥያቄ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያደርገውን፣ ስለ አርነት የሚሰበኩ መቶ ስብከቶች አያደርጉትም።

የመጨረሻው ማመካኛ ይህ ነው። ብንለቃትም ቤተ ክርስቲያን አትሄድም፤ ተኝታ ትውላለች ይላሉ። ትተኛ። ስድስት ቀን ቆማ የሰነበተች ልጅ በሰባተኛው ቀን ብትተኛ እግዚአብሔር በኦሪት ያዘዘላትን ዕረፍት ተቀበለች፤ ቀኑም የእርሷ ነውና ምን እንዳደረገችበት እኛ አንጠይቃትም።